ያልተዘጋው መስመር

ኪጋሊ፣ መስከረም 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእማማ ሰርክአዲስ ይርዳው፣ የካ አባዶ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ሆነ? አራተኛ ፎቅ መውጣቱ እየከበደዎት መምጣቱን ፊልሞና ነግራኛለች። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ። ኪጋሊም እንደ እንጦጦ ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነች እግሬ አልሰነፈም።

የአባባ ይርዳውን የዘር ደብተር ሙሉውን ተይበው መጨረስዎን ስሰማ ማመን አቃተኝ። እኔ ዓመት ይፈጃል ብዬ ነበር። ለነገሩ ማተሚያ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት አራሚ ሆኖ ለሠራ ሰው ይህች ምን አላት።

አሁን የቀረው ፋይሉን መፈተሽ ነው። ባለፈው መጥቼ እንዳሳየሁዎት ኤክስኤምኤል ማለት ከፍቶ መዝጋት ነው። አንድ ሰው <ሰው ስም="እገሌ"> ተብሎ ይከፈታል፣ ልጆቹ በውስጡ ይገባሉ፣ ከዚያ </ሰው> ተብሎ ይዘጋል። ልጅ ከወላጁ በፊት መዘጋት አለበት። አንድ ሰው እንኳ ክፍት ከቀረ ፕሮግራሜ ሐረጉን አያነበውም። ማስታወሻ መጻፍ ከፈለጉ <!-- እና --> ባለው መካከል ያድርጉት፤ ያንን መሣሪያው አልፎት ይሄዳል፣ ሰው ብቻ ነው የሚያነበው።

መፈተሻውን ላፕቶፕዎ ላይ ጭኜዋለሁ። ጥቁሩን መስኮት ከፍተው ይህችን ይጻፉና ኢንተር ይጫኑ፦

xmllint --noout zemed.xml

ስህተት ካለ የመስመሩን ቁጥር ይነግርዎታል። ከሌለ ምንም አይልም። ዝም ካለ ሥራዎ አማረ ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት እስኪል እንዳይጠብቁት።

ከጥር በፊት ቢያልቅልኝ ደስ ይለኛል። ለመጪው ትውልድ የሚቀር ነገር ስለሆነ ነው።

ፊልሞና ደህና ናት፣ ትምህርቷን አጥብቃ ይዛለች።

አክባሪዎ ኢዛና


የካ አባዶ፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢዛና

ኪዳነ ምሕረት በወጣህ በገባህበት አትለይህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ምንም አልሆንኩም። ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው፣ ደረጃው ግን በየቀኑ ነው።

መሣሪያህን ሞከርኩት። ሰላምታ የለው፣ እባክሽ የለው። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ስህተት ዘረገፈብኝ። አንድ ቦታ ትምህርተ ጥቅሱን ከፍቼ አልዘጋሁትም፤ ሌላ ቦታ የአባትየውን መዝጊያ ከልጁ አስቀድሜያለሁ። ሁሉም እውነቱን ነበር፣ አረምኩት። ማተሚያ ቤት ሳለሁ እኔ ያየሁትን ገጽ ደግሞ የሚያይ አልነበረም። በዚህ ዕድሜዬ የሚያርመኝ በማግኘቴ ቅር አላለኝም።

አንዱ ግን እምቢ አለ። መስመር ሁለት ላይ የተከፈተው ሰው አልተዘጋም ይለኛል። መስመር ሁለት ላይ ያሉት የሁላችን የዘር ግንድ ቢተው ናቸው። እሳቸውን ደግሞ መጨረሻው ላይ ራሴ ዘግቻቸዋለሁ፣ መዝጊያቸው ፊት ለፊቴ ነው። ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፣ አልተዘጉም ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። ምን ላድርገው?

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ለመጪው ትውልድ ነው ብለኸኛል። መጪው ትውልድ ለጥር የሚደርሰው በምን ተአምር ነው? ፊልሞና የልጄ ልጅ ናት፣ ያሳደግኳትም እኔ ነኝ። ኪጋሊ የሄደች ሰሞን በደወለች ቁጥር ኢዛና አስረፈደኝ፣ ኢዛና በርበሬዬን ጨረሰው ነበር ወሬዋ። ከግንቦት ወዲህ ስምህን አንስታው አታውቅም። የጎደለ ቃል ማየት እንጀራዬ እንደነበር አትርሳ።

ሰርክአዲስ ይርዳው


ኪጋሊ፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ሰርክአዲስ

ሰላምታዬ ከነሐፍረቴ ይድረስዎ።

መሣሪያው የሚናገረው ስህተቱ ያለበትን ቦታ ሳይሆን እሱ ግራ የገባውን ቦታ ነው። አንድ ሰው መካከል ላይ ተከፍቶ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የአባቱን መዝጊያ ለራሱ ይወስደዋል። አባትየው ደግሞ የአያትየውን ይወስዳል። እንዲህ አንዱ የአንዱን እየወሰደ ይሄድና መጨረሻ ላይ ለቢተው የሚተርፍ መዝጊያ ይታጣል። ስለዚህ ቢተው ምንም አላጠፉም። ከሳቸው በታች የሆነ ሰው ክፍት አለ።

ስለ ሌላው ነገር ልደብቅዎት አልችልም። ፊልሞናና እኔ መጋባት እንፈልጋለን። የሩቅ ዘመድ መሆናችንን ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን፣ ስንተኛ ቤት እንደሆንን ግን አናውቅም። እኔ ሐዋሳ ነው ያደግኩት፣ እሷ እርስዎ ዘንድ፤ ከልቅሶ ቤት በቀር ተያይተን አናውቅም ነበር። ሰባት ቤት ከሞላን ሽማግሌ እልካለሁ። ካልሞላን አለቀ። አባባ ዘነበ የቤተ ዘመዱ ትልቅ ናቸው፤ እሳቸው ቤት ደብተሩ ተነብቦ ሳይቆጠር የተጋባ ከመካከላችን የለም፣ እናቴም ያለዚያ አትመርቀኝም። ደብተሩን ቆሞ የሚያነበው ደግሞ ከአባትዎ የተረከቡት እርስዎ ነዎት። ሰው ፊት ከመቆጠሩ በፊት ለብቻዬ ልወቀው ብዬ ነው ይህን ሁሉ ያለፋሁዎት። ይቅር ይበሉኝ።

ያልተዘጋው ሰው ካልተገኘልዎ ፋይሉን እንዳለ ይላኩልኝና እኔ ልፈልገው።

ኢዛና


የካ አባዶ፣ ኅዳር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢዛና፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ለቆየሁበት ሰበብ አልደረድርልህም። ጉልበቴም አሞኛል፣ መብራትም ጠፍቶ ነበር፤ የቆየሁት ግን በዚያ አይደለም።

ፋይሉ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለልህ። ያልተዘጋውን አልነካሁትም።

ባለፈው ቅዳሜ ሽንኩርት ልገዛ ሾላ ገበያ ሄጄ ነበር። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች አሁንም አሉ። አንዲቷ ሸክሟን ግንብ ላይ አስደግፋ ቆማ ስታርፍ አየኋትና እኔም ቆምኩ። ልሳፈርበት የነበረው ሚኒባስ ሞልቶ ትቶኝ ሄደ።

ስለ ፊልሞና በግልጽ ስለነገርከኝ እግዚአብሔር ይስጥህ። እኔ ብሆን ከአንተ የተሻለ አልመርጥላትም። ቆጥረህ ያገኘኸውን ጻፍልኝ።

ሰርክአዲስ ይርዳው


ኪጋሊ፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ሰርክአዲስ፣ እንደምን ሰነበቱ።

ያልተዘጋውን አገኘሁት። መስመር ሁለት መቶ ስድስት ነው፤ እርስዎ ራስዎ ነዎት። በአባባ ይርዳው ውስጥ ራስዎን ከፈቱ፣ በውስጥዎ ልጅዎን ፈትለወርቅን፣ በሷ ውስጥ ፊልሞናን። ሁለቱን ዘጉና ራስዎን ሳይዘጉ ወደሚቀጥለው ሰው አለፉ። ሰውን ሁሉ ዘግተው ራስዎን መርሳትዎ አሳቀኝ። አንድ መዝጊያ ከፈትለወርቅ ቀጥሎ ጨመርኩ፤ መሣሪያው ዝም አለ።

ከዚያ ቆጠርኩ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። ከቢተው ወዲህ በፊልሞና በኩል ስድስት፣ በእኔም በኩል ስድስት ነው። አንድ ቤት ጎደለን።

ለፊልሞና ስነግራት ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። አሁን ስደውል ታነሳለች፣ ግን የምናወራው ስለ ፈተናዋ ብቻ ነው።

እማማ፣ የሚቀጥለውን ሁለት ጊዜ ጽፌ አጥፍቼዋለሁ። ደብተሩ የተጻፈው በቃል ሲወርድ ከኖረ ነገር ነው። ከቢተው ቀጥሎ አንድ ትውልድ ተዘልሎ ይሆናል፣ ማን ያውቃል? በሁለቱ የቢተው ልጆች አናት ላይ አንድ አንድ ስም ቢገባ ሰባት ይሞላል። ሁለት መክፈቻና ሁለት መዝጊያ፣ አራት መስመር ብቻ። እዚህ ሞክሬ አየሁት፤ መሣሪያው ምንም አላለም። ደብተሩ ያለው በእርስዎ እጅ ነው፣ የሚያነቡትም እርስዎ ነዎት።

የሚሉኝን ሁሉ እቀበላለሁ።

ኢዛና


የካ አባዶ፣ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ኢዛና

እንዴት ከረምክ ብዬ አልጠይቅህም፤ እንዴት እንደከረምክ አውቀዋለሁ።

አራቱን መስመር አልጨምርልህም። የተቆጣሁ እንዳይመስልህ፣ እኔም እንዳንተ ወጣት ነበርኩ። ግን በሥራ ዘመኔ የሌለ ቃል የጨመርኩበት ገጽ የለም፣ በስተርጅና አልጀምረውም። ደግሞ ውሸቱ አያስፈልግህም።

መስመር ሁለት መቶ ስድስትን አልረሳሁትም። ራሴን ከፈትኩና እጄ ቆመ። አባባ ይርዳው ውስጥ ብዘጋው ውሸት ይሆናል፤ ከሳቸው አውጥቼ ብዘጋው አባት አይኖረኝም። ስለዚህ ክፍቱን ተውኩት። መሣሪያህ በቢተው ሲያሳብብ ቁጭ ብዬ አየሁ፣ ለአንተም ያልገባኝ መስዬ ጻፍኩልህ። ጥፋቴ እሱ ነው።

እኔ የአባባ ይርዳው የሥጋ ልጅ አይደለሁም። አባባ የእንጦጦ ደን ጠባቂ ነበሩ፣ ቤታችንም ከኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ ነበር። የወለደችኝ ሴት ከዚያ ደን እንጨት ለቅማ ሾላ ወርዳ የምትሸጥ ነበረች። በ1950 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ምጥ ይዟት ከነሸክሟ በራችን ላይ ወደቀች። እኔን ወልዳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ዘመድ ነኝ ብሎ የመጣ አልነበረም። ይህን የነገረችኝ ያሳደገችኝ እናቴ ናት፣ ልትሞት ስትል። የሴትዮዋን ስም ብጠይቃት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባባ አንድም ቀን አልነገሩኝም። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ ደብተሩ አርጅቷል፣ ገልብጪው ብለው ሰጡኝ። ስሜ ከልጆቻቸው ስም መካከል ነበር፤ በሌሎቹ ቀለም፣ በሌሎቹ መጠን፣ በዚያው በሳቸው እጅ። እውነቱን ከሰማሁ በኋላ ያንን አሮጌ ደብተር አውጥቼ በአጉሊ መነጽር መረመርኩት። ኋላ የተሰገሰገ ስም እኔን አያመልጠኝም። የኔ አልተሰገሰገም። ቦታ ተትቶለት ነው የተጻፈው።

እንግዲህ እኔ ከቢተው አይደለሁም፣ ፈትለወርቅም አይደለችም፣ ፊልሞናም አይደለችም። የነፍስ አባቴን ጠየቅኋቸው፤ ሰባት ቤት የሚቆጠረው በደም ነው አሉኝ። መጋባት ትችላላችሁ።

ፋይሉን አስተካክዬ ልኬልሃለሁ። ራሴን ከአባባ ውስጥ አወጣሁ። ከቢተው መዝጊያ ቀጥሎ ሌላ ሰው ከፈትኩ፣ እንዲህ፦ <ሰው ስም="">። በውስጧ እኔን ከነልጄ ከነልጅ ልጄ አስገባሁና ዘጋኋት። ስም የሌለውን ሰው መሣሪያህ ይቀበለው እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። ኢንተር ተጫንኩ፣ ዝም አለ። ያቺ ሴት በስልሳ ስድስት ዓመት ውስጥ የሆነ ቦታ ስትጻፍ የመጀመሪያዋ ነው። አልቅሼ ወጣልኝ።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ቤተ ዘመዱ ጋሽ ዘነበ ቤት ሲሰበሰብ ቆሜ አነበዋለሁ። ለፈትለወርቅና ለፊልሞና በራሴ አፍ እነግራቸዋለሁና አንተ አትቅደመኝ።

ሰርክአዲስ ይርዳው


ኪጋሊ፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእማማ ሰርክአዲስ

ፊልሞና ትናንት እንደደወሉላት ነገረችኝ። ዛሬ መጣችና ደብዳቤዎን አጠገቤ ተቀምጣ አነበበችው።

ሁለታችንም አንድ ነገር እንለምንዎታለን። እባክዎ እንዳያነቡት። እርስዎን ከአባትዎ ቤት አስወጥተን እኛ ጎጆ አንወጣም። እኔ ውሸት ይጨምሩልኝ ብዬ ጠየቅሁ፣ እርስዎ ደግሞ ራስዎን ሰጡኝ። በሐፍረት ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኛል። ፊልሞና በበኩሏ፣ እማማ በአባባ ይርዳው ስም ስትምል ነው ያደግኩት፣ አሁን በማን ትምላለች አለችኝ።

የመጀመሪያውን ፋይል መልሼዋለሁ። እዚያው አባባ ይርዳው ውስጥ ነዎት። የእኛን ነገር ትተነዋል።

ኢዛና


የካ አባዶ፣ የካቲት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጆቼ ለኢዛናና ለፊልሞና

እግዚአብሔር ሁለታችሁንም ይባርካችሁ። አታንብቢ ብላችሁኝ ነበር፣ አነበብኩት። ስለ እናንተ ብቻ ብዬ አይደለም። ያቺን ሴት አንዴ ከጻፍኳት በኋላ ልሰርዛት አልቻልኩም።

ዘንድሮ ኪዳነ ምሕረት ከቅበላ ጋር ገጥማ ስለነበር የጋሽ ዘነበ ግቢ ጢም ብሎ ሞልቷል። ከቅዳሴ በኋላ ምሳ ተበልቶ ሲያበቃ ደብተሩ ይነበብ ተባለ። ከቢተው ጀምሬ ወረድኩ። የአባባ ይርዳው ልጆች ጋ ስደርስ የራሴን ስም አነበብኩና ቆምኩ። ይህ ስም እዚህ የተጻፈው በደም አይደለም አልኩና ለአንተ የጻፍኩልህን ሁሉ ነገርኳቸው። ፈትለወርቅ ከኋላዬ ነጠላዬን ይዛ ቆማ ነበር።

ስጨርስ ደብተሩን አጠፍኩና ለጋሽ ዘነበ ዘረጋሁላቸው። ከአሁን በኋላ እኔ ልይዘው አይገባም ብዬ ነው። እሳቸው ግን እጃቸውን አላነሱም።

"አገርነሽ" አሉ።

ሰው የጠሩ መስሎኝ ዞር አልኩ።

"እናትሽን ነው። ስሟ አገርነሽ ነው።"

ጋሽ ዘነበ የአባባ ይርዳው የወንድም ልጅ አይደሉ? ያን ጊዜ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፣ የሚኖሩትም በዚያው ግቢ ነበር። ሦስቱን ቀን አጥሚትና ውሃ የሚያመላልሱላት እሳቸው ነበሩ። ስምህ ማነው ብላቸው ነገሯት፣ እሷም የሷን ነገረቻቸው። በተቀበረች ማግሥት አባባ ይርዳው ቤተሰቡን ሰብስበው፣ ከዛሬ ጀምሮ ይህቺ ልጅ የኔ ናት፣ የዚያችን ሴት ስም እዚህ ግቢ ያነሳ ከኔ ጋር አይኖርም አሉ። የግቢው ሰው ሁሉ አክብሮት ኖረ፣ እናቴም ሞት አፋፍ ላይ ሆና አከበረችው። አሁን ከነዚያ የቀሩት ጋሽ ዘነበ ብቻ ናቸው።

ለምን እስከ ዛሬ ደበቃችሁኝ አልኳቸው።

"እንዳትሄጂብን ነዋ" አሉኝ።

ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ከዚያ ደብተሩን ከእጄ ወስደው ገልጠው መልሰው ሰጡኝና፣ ገና የክንፈ ልጆች አልተነበቡም፣ ቀጥዪ አሉኝ። ክንፈ የሳቸው አባት ናቸው። እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

ሰው ከተበተነ በኋላ ኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ወስደው ከአጥሩ ጥግ የተቀበረችበትን ቦታ አሳዩኝ። ድንጋይ የለውም፣ ሣር ነው። ፈትለወርቅና እኔ ትንሽ ተቀመጥን።

ኢዛና፣ ሽማግሌህን አትፈልግ፣ ተገኝቷል። ጋሽ ዘነበ ከፋሲካ በኋላ ራሳቸው መጥተው ፊልሞናን ለአንተ ሊጠይቁኝ ነው። የምመጣው አንቺ ቤት ነው አሉኝ። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም ብላቸው ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ አሉ። ፊልሞና፣ ያነሳሽውን ጥያቄ ሰምቻለሁ። የምምለው በዚያው ባሳደገኝ ነው።

ዛሬ ጠዋት ፋይሉን ከፍቼ ባዶውን ሞላሁት፦ <ሰው ስም="አገርነሽ">። ስሙ ባዶ ሳለም መሣሪያው ዝም ብሎ ነበር፣ አሁንም ዝም አለ። ለሱ ሁለቱም አንድ ነው።

ከዚያ ወደ አባባ ይርዳው ቤት ተመለስኩ። መሣሪያው አልፎት የሚሄድ፣ ሰው ብቻ የሚያነበው ማስታወሻ አስተምረኸኝ ነበር። የኔ መስመር በነበረበት ቦታ ይህንን ጽፌያለሁና እንዳትነካብኝ፦

<!-- ሰርክአዲስ ያደገችው እዚህ ነው -->

ሰርክአዲስ ይርዳው